ላት እና ባት

ደራሲው ሦስት ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። ቀጫጭን እንዳይመስሏችሁ፤ አንዱ ከመደርደሪያ ቢወድቅ ድመት ይገድላል። በሦስቱም ውስጥ ሰዎች ያስባሉ። ቁጭ ብለው ያስባሉ፣ ቆመው ያስባሉ፣ ዝናብ እየደበደባቸው ያስባሉ። አንዱ ሰውዬማ ደረጃ ልወርድ ብሎ እግሩን እንዳነሳ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ምዕራፉ አልቋል። አንባቢም አለው። ጥቂት ናቸው፤ ግን ሲያወሩ ብዙ ይመስላሉ።

ታዲያ ሦስተኛው መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው ተባለና ዳይሬክተሯ «ስክሪፕቱን የለመደ ሰው ይጻፈው» ስትለው፣ «የልጄን ጡጦ ሌላ ሰው ያጥባል እንዴ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ልጅ የለውም። ጡጦም አጥቦ አያውቅም።

አሁን ግን ያ ደረት ተንፍሷል። የፊልሙ ቢሮ ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ከታች ጎማ በነፉ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ፎቶዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዳይሬክተሯ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ፣ ያመጣላትን ታነባለች። በዕድሜ ታናሹ ናት። «ጋሼ» ነው የምትለው፤ ግን የሷ «ጋሼ» ትንሽ ጥፊ ጥፊ ይላል።

በሩን ተደግፎ ደግሞ የዕቃ ክፍሉ ሰው ቆሟል። ለፊልሙ ወንበሩን፣ ሽጉጡን፣ የውሸት ደሙን የሚያቀርበው እሱ ነው። ሁሌ አፉ ውስጥ ሚስማር ነክሶ ስለሚዞር ስሙ ቀርቶ «ሚስማር» ሆኗል።

«ጋሼ፣ አንዴ ልጠይቅህ» አለ ሚስማር በጥርሱ መሃል። «መጀመሪያው ላይ ‹ልቡ ተሰቀለ› ይላል። የት ነው የምሰቅለው?»

«አነጋገር ነው እኮ!»

«እሱማ ገብቶኛል። ብቻ ዝቅ ብሎ ደግሞ ‹ጆሮውን ጣለ› ይላል። ሁለት አሠርቻለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ብዬ ነው።»

«እያሾፍክብኝ ነው?»

«እኔን አያድርገኝ! የተጻፈውን ነው የማቀርበው።» ኪሱ ገብቶ አንድ የላስቲክ ጆሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ደራሲው ፊት አስቀመጠው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጸጉር ሳይቀር አለው። ደራሲው ላለማየት ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

ዳይሬክተሯ የማንንም ጆሮ አላየችም። «ዋናው ትዕይንትህ ጋ ደረስኩ» አለች። «‹ባል መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሚስቱን ምን ያህል እንደሚወዳት ያስባል።› ከዚያ...» ገለጠች፣ ገለጠች፣ ጣቷን በምራቋ አርሳ እንደገና ገለጠች። «ከዚያ አስራ አንድ ገጽ ያስባል።»

«የመጽሐፉ ልብ እሱ ነዋ!»

«ልቡ ከሆነ ለሚስማር ስጠው፣ ይሰቀል። እኔ ካሜራውን የት ላቁመው? ጭንቅላቱ ውስጥ?»

«ፊቱ ላይ! ተዋናዩ ፊቱ ላይ ያሳየዋላ!»

«ጋሼ፣ አስራ አንድ ገጽ ሙሉ መስኮት ላይ አፍጥጦ የቆመ ሰው ሲታይ፣ ሕዝቡ ‹ሚስቱን ወዷት ነው› አይልም። ‹ሽንቱ መጥቶበት ነው› ነው የሚለው።»

ሚስማር ሚስማሩን ሊውጥ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አወረደች። የማይታይና የማይሰማ ነገር በፊልም ቤት የለም አለችው፤ ‹አሰበ› የሚባል ሥራ የለም፣ ‹ተሰማው› የሚባል ሥራ የለም፣ ‹ትዝ አለው›፣ ‹ሆዱ ባባ›፣ ‹ውስጡ ታወከ› ሁሉም የሉም። እያለችም ትሰርዛለች። ደራሲው እያየ ቃሎቹ እንደ ጎመን ተከተፉ። አስራ አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ወደሱ ገፋችለት። የተረፈው ይኸው ነበር፦ ባል። መስኮት። አስነጠሰ።

«ማስነጠሱ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ ደራሲው።

«አንተው ነህ የጻፍከው። የመጋረጃው አቧራ ትዝታ ቀስቅሶበት።»

«ድምፁን ከጀርባ ብናስገባውስ? እሱ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሐሳቡ ይነበባል...»

«አስራ አንድ ገጽ? ሬዲዮ ነው እንዴ የምንሠራው?» እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ መለሰችና ትንሽ አዘነችለት። «አየህ ጋሼ፣ ፊልም ላይ ‹ወደዳት› ብሎ ነገር የለም። ከፈተላት፣ ያዘላት፣ ተሸከመላት፣ ደበቀላት አለ። ፍቅር ማለት ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ላት› ናት። ሂድና ላት ያለበት ነገር አምጣልኝ። አንዲት ላት ትበቃኛለች።»

«ካላገኘሁስ?»

«ካላገኘህማ ሚስትየዋን መኪና ይገጫታል።»

«ምን?»

«ስትሞት ያለቅሳል። ለቅሶ ይታያል። ርካሽ ነው፤ ግን ይታያል።»

«መኪናዋን አዘጋጅቻለሁ» አለ ሚስማር። «ነጭ ናት። ደም ያምርባታል።»

ቀረጻው ሊጀመር ሳምንት ቀርቶታል።

እናንተ አሁን «ትገጫ፣ ምን ችግር አለው፣ የፈጠራ ሴት አይደለች?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ፣ አይደለችም። የመጽሐፉ ሚስት የደራሲው የራሱ ሚስት ናት፤ አረማመዷ ሳይቀር፣ ስትናደድ ስፒል በከንፈሯ ደርድራ ዝም የምትለው ሳይቀር። መጋረጃ ሰፊ ናት። ባሏን ደግሞ አንብባው አታውቅም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጀምራ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለተኛውን ትንሽ ሄደችበትና «ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም?» ብላ ዘጋችው። ሦስተኛውን አልከፈተችውም። መጽሐፎቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው። ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይንሸራተት ጥግ ጥጉ ላይ ትጭናቸዋለች። «ጨርቅ አራት ማዕዘን ነው፣ አንተ ሦስት ጽፈህ ቁጭ! አራተኛውን ቶሎ በልልኝ እንጂ» ትለዋለች።

ፊልም ግን ታያለች። ፊልም ከሆነ ማስታወቂያውንም አትዘልም። እሱ ደግሞ ያንን አስራ አንድ ገጽ አንድም ቀን በአፉ ነግሯት አያውቅም። ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ አሳትሞ ነግሯል፤ ለሷ አልወጣው አለ። እና ሐሳቡ ምን ነበር? ጨለማው ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እሷ ቀና ብላ እንድታየውና እንዲገባት። አሁን የምታየው ራሷ በነጭ መኪና ስትገጭ ነው።

ላት ፍለጋ ቤት ገባ።

ቤታቸው ግማሹ ሱቅ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ መሃል ላይ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የጣቃ ጨርቅ ጫካ። ከጣቃዎቹ ወደ ጠረጴዛው የሚኬደው በደራሲው ሶፋ ፊት ለፊት፣ በቀጭኗ መንገድ ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጠና ራሱን እንደ ካሜራ ማየት ጀመረ። ከጀርባው ሐሳብ የለ፣ ትዝታ የለ፤ የሚታየው ብቻ።

ሲጋራ ለኮሰ። አጨሰባት። ሬዲዮ ከፈተ። ሜትር እየቆጠረች ነበር፤ ከፈተባት። ንፋስ መጣ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። በካውያ ሙቀት ላብ በላብ ሆና ሳለ ዘጋባት። ጋደም አለና አንኮራፋ፤ አንኮራፋባት። ሲነቃ ቤቱ ሙሉ በባት ተሞልቷል። ላት የምትባል ሽታዋ የለም። መጽሐፉንስ ቢሆን ጻፈላት ነው ጻፈባት? ብሎ ሊጠይቅ አሰበና ተወው፤ የሚታይ አይደለም።

ከሌለማ ይሠራል እንጂ! በማግስቱ እጅጌውን ጠቀለለ። እሷ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል፣ የተሰፋ መጋረጃ ልተኩስላት ብሎ ካውያ አነሳ። ሐር ነገር ነበር። ስትመለስ መሃሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው መስኮት ተከፍቶበታል። ተኮሰላት ልትሆን የነበረች ቃል አቃጠለባት ሆና ቀረች።

እሷ ስፒሎቹን በከንፈሯ ደረደረች። ይሄን ጊዜ ሰው ቢሆን ይተዋል፤ ደራሲ ግን ሰው አይደለም። ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሚስቱ እጇን እያራገበች «እሽሽ! የለንም!» ብላ በምልክት ስትለው ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።

«ቁጭ በይ፣ እኔ እከፍትልሻለሁ!» ብሎ ተፈናጠረ።

ከፈተላት። ደጃፉ ላይ የቆሙት ሴትዮ፣ መጋረጃቸው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሚስቱ ጎዳና እየቀየረች የምትሸሻቸው ደንበኛ ነበሩ። ገቡ። ሻይ ጠጡ። ስለ ቃል፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ዘንድሮ ሰው ሰፊ ንግግር አደረጉ። መጋረጃዬ ሲያልቅ አይቼ እሄዳለሁ ብለው ሶፋው ላይ፣ ደራሲው ቦታ ላይ ተደላደሉ። ከፈተላት ዓይኑ እያየ ከፈተባት ሆነች።

ሴትዮዋ ሲወጡ ሚስቱ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች።

«ና እስቲ ቁጭ በል። ማናት?»

«ማን ማናት?»

«ሴትዮዋ ናታ! ከተጋባን ጀምሮ ካውያና ስልክ የማትለይ ሰውዬ፣ ድንገት ተነስተህ ልተኩስ፣ ልክፈት፣ ልሸከም! ምን አጥፍተህ ነው? እውነቱን አውጣ።»

«ምንም አላጠፋሁም! ላት እየፈለግኩ ነው።»

«ላት? ላት የምትባለው ማናት?»

«ሴት አይደለችም!»

«ስም አላት እኮ!»

«አንቺ ሴት፣ ስሚኝ እንጂ! ላት! ከፈተላት፣ ተኮሰላት...»

«ለሷም ተኮስክላት?!»

«ላንቺ ነው! ሁሉም ላንቺ ነው!»

አረጋግቶ እስኪያስረዳት ድረስ ጎረቤት ሊያዳምጥ ሬዲዮውን ቀንሷል። ዳይሬክተሯ ያለችውን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ አስራ አንዱን ገጽ ነገራት። ገጹ ላይ ያለው ጋ ሲደርስ ግን «ባልየው ስለ ሚስቱ አንዳንድ ነገር ያስባል» ብሎ አለፈው። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እና መኪና ልታስገጨኝ ነው።»

«እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት!»

«ምን ዓይነት መኪና ነው?»

«ነጭ።»

«እ።» ወደ ስፌቷ ዞረች። ትንሽ ከሰፋች በኋላ፣ ዞር ሳትል፣ «እና ምንም አላገኘህም?» አለችው።

«ምንም።»

የስፌት መኪናው ጮኸ። እንደዚያ ቀን አስጩኻው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ደራሲው ተስፋ ቆረጠ። ተስፋ ሲቆርጥ የሚያደርገው ያንኑ ተስፋ ሲኖረው የሚያደርገውን ነው፤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ስለ ተስፋ መቁረጡ እየጻፈ ሳለ ሚስቱ ጣቃ ተሸክማ በፊቱ አለፈች። ካለፈች በኋላ ዓይኑ ወደ ታች ሄደ። እግሮቹ መሬት ላይ የሉም። ጉልበቱ ደረቱ ጋ፣ ተረከዙ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው። ማን ሰቀላቸው? እሱ ነው። ለምን? እንድታልፍ።

ሰበሰበ። እግሩን ሰበሰበ... ሰበሰበላት!

እየጮኸ ተነሳና አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጎ በሩ ላይ ደረሰ።

ዳይሬክተሯ አዲሱን ትዕይንት ስታነብ ከታች ጎማ እየተነፋ ነበር። ለማንበብ ጊዜ አልፈጀባትም፦ ባል ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሚስት ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ትመጣለች። ባል እግሩን ይሰበስብላታል። ታልፋለች።

ወረቀቱን አስቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቋ ጎማውን በለጠው።

«ጋሼ! ጻፍክ! በቃ ጻፍክ! ሚስትየዋ አትሞትም፣ ትዕይንቱ ይገባል!»

ሚስማር የነጩ መኪና ነገር ቅር ብሎት ራሱን አከከ። ደራሲው ግን ደረቱ እንደገና ተነፋ። «እንግዲህ ፍቅሩ ታየ ማለት ነው» አለ።

«የቱ ፍቅር?» ዳይሬክተሯ እንባዋን ጠረገች። «እንዲህ ያለ ሰነፍ ባል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም! ሴትዮዋ ጣቃ ተሸክማ ትንገዳገዳለች፣ እሱ ቁጭ ብሎ እግሩን ይሰበስብላታል! ሕዝቡ ወንበር ይሰብራል በሳቅ።»

«በፍቅር ነው እኮ የሚሰበስበው!»

«ካሜራዬ የሚያየው እግር ነው።»

ደራሲው ወረቀቱን ቀምቶ ‹ይሰበስብላታል› ከሚለው ፊት ‹በፍቅር› ብሎ ሊጨምር ሲል እጁን በእስክሪብቶ መታችው።

«እንግዲያው ይውጣ!» አለ። «ትዕይንቱ ይውጣልኝ!»

«መኪናዋ ደጅ ቆማለች» አለ ሚስማር፣ ፊቱ በራ።

ደራሲው ምራቁን ዋጠና ተቀመጠ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሲፈልጋት የከረማት ላት ተገኘችና፣ ሚስቱ ሲኒማ ቤት ገብታ የምታየው ራሷን እንደ አህያ ተጭና፣ ባሏን እንደ ጆንያ ተቀምጦ፣ ከኋላ ደግሞ ሕዝቡ ሲስቅ ነው። ከመገጨት ይሻላል? እሱን እሷን መጠየቅ ነበር። አልጠየቃትም።

የቀረጻው ቀን ሲደርስ ነገሩ ባሰ። ለተከራዩት ቤት መስኮት መጋረጃ ያስፈልግ ነበር፤ ዳይሬክተሯ ደግሞ በደራሲው በኩል አንዲት መጋረጃ ሰፊ ታውቃለች። ሚስቱ ጠዋት መጣች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ መሰላል ወጣች፣ ሰቀለች፣ ወረደች። ደራሲው «በይ በቃ፣ ሥራ አለብሽ» ብሎ ወደ በሩ ሊሸኛት ቢሞክር፣ «ፊልም ሲሠራ አይቼ አላውቅም» አለችና ካሜራው ጀርባ የመብራት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«አክሽን!»

ሶፋው ላይ ተዋናዩ ተቀምጧል። ተዋናይቷ ጣቃውን ተሸክማ መጣች። ተዋናዩ ቀና ብሎ አያት፣ ተነፈሰ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው እግሮቹን ቀስ አድርጎ አንድ በአንድ አነሳላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር መብራቱን አንቀጠቀጠው። ደራሲው ወለሉ ላይ ያለውን ገመድ ያጠና ጀመር፤ ጥሩ ገመድ ነው፣ ጥቁር ነው።

«እንዴ! እንደሱ አይደለም እኮ!»

ሁሉም ዞረ። ሚስቱ ከሳጥኑ ላይ ተነስታ ቆማለች።

«ምኑ ነው እንደሱ ያልሆነው፣ እትዬ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«አይቷት ነዋ የሚሰበስበው! የኔው መች ያያል? አቀርቅሮ ነው የሚጽፈው፤ ቤቱ ቢቃጠል ‹ጭሱን ቀንሱልኝ› ነው የሚለው። እኔ እዚያ ማዶ ጣቃውን ሳነሳ፣ ገና ኮቴዬን ሲሰማ ነው እግሩ የሚሰበሰበው። ከመድረሴ በፊት።»

«ኮቴ በሰማ ቁጥር?» አለች ዳይሬክተሯ።

«የምን በሰማ ቁጥር! ወንድሜ እዚያች ጋ ስንቴ ተደናቅፎ ተዘርሯል። እናቴ እንኳ ወድቃለች። ለማንም አይሰበስብም። የኔን ኮቴ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ደራሲው ወንድሟ ሲወድቅ ትዝ ይለዋል፤ ሰክሮ መስሎት ነበር። ይሄን ነገር ግን አያውቀውም ነበር። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ስለ ራሱ ሲያስብ የኖረ ሰው፣ ይሄን አያውቅም ነበር።

ዳይሬክተሯ ሚስትየዋን አየች፣ ደራሲውን አየች፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከጆሮዋ አወረደችና ምንም ሳትሰርዝ መለሰችው። «ካሜራውን ወደ ሶፋው አምጡት» አለች። «እግሩን ብቻ ሳይሆን እጁንም ልየው።»

እንደገና ተቀረጸ። ተዋናዩ አቀርቅሮ ይጽፋል። ክፍሉ ባዶ ነው። ከማዶ፣ ካልታየ ቦታ፣ ኮቴ ተሰማ። እስክሪብቶው ሳይቆም፣ ቀና ሳይል፣ እግሮቹ ብድግ አሉ። ጥቂት ቆይቶ ተዋናይቷ በጣቃዋ ሥር ጎብጣ ገባች፣ አለፈች። እግሮቹ ወደ መሬት ተመለሱ። እጁ መጻፉን ቀጥሏል።

የሳቀ የለም። ሚስማር ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ በእጁ ይዞታል። ዳይሬክተሯ «ካት» ማለቱን ረስታ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አለች።

ደራሲው ግን ትዕይንቱን አላየውም። ስንት የለፋበት፣ ስንት የተሰረዘበት ትዕይንት ሲቀረጽ፣ እሱ ሲያይ የነበረው የሚስቱን ፊት ነው። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። ግንባሯ ላይ የሆነ ነገር አልፏል፤ ምን ይሆን? ገባት። በቃ ገባት! ከስንት ዓመት በኋላ ይኸው፣ ሳይነግራት... ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እህስ?»

«ተጣሟል» አለችው።

«ምኑ?»

«መጋረጃው ነዋ! በግራ በኩል ቅምቅማቱ ወርዷል። እንዲህ ሆኖ ሲኒማ ቤት ሊታይ ነው? ሰው ምን ይለኛል! ና፣ መሰላሉን ያዝልኝ።»

ቀድማው ሄደች። መሰላሉን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ወጣች። እሱ ከሥር በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ቦታ የሚታየው ተረከዟ ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ ያ ኮቴ፣ አለ በሆዱ፤ ይሄ ተረከዝ ስንት ጊዜ በፊቴ አልፏል፣ ሰው እኮ የሚወደውን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን፣ ሕይወት ራሷ እንደ አንድ መሰላል...

መሰላሉ ተወዛወዘባት።

«አንተ ሰው!» አለች ከላይ፣ ስፒሎቹ መሃል። «አታስብ፤ ያዝ!»